ከኋላ የሚቀመጥ ሰው

የአስማረ ልጅ ተቀብሯል፤ ገና አልተለቀሰለትም።

ዘንገና አካባቢ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መቅበር የቄሶችና የጉድጓድ ቆፋሪዎች ሥራ ነው፤ በአንድ ረፋድ ያልቃል። ዓባይነህን ከጦሩ የመጡ ወታደሮች በታሸገ ሳጥን አመጡት። ሳጥኑ እንዳይከፈት አስጠነቀቁ፤ ወደ ሰማይ ተኩሰው፣ እህል ሳይቀምሱ ተመልሰው ሄዱ። ለቅሶው ግን የፈረሰኞች ነው። ፈረስ የነበረው ሰው ሲሞት ፈረሱ በሙሉ ዕቃው ይጫናል፤ ኮርቻው ባዶውን ሜዳው ላይ ይዞራል፤ የአገሩ ፈረሰኞች በቀኝና በግራ አጅበው የሟቹን ስም እየጠሩ ሕዝቡን ያስለቅሳሉ። ይህ ያልተደረገለት ሰው ወጥቶ የቀረ እንጂ የሞተ አይመስልም። እናቱም በር በሩን ማየት አትተውም።

ዓባይነህ ፈረስ ነበረው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ነው፤ ቦራ ይሉታል። ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ራሱ ዓባይነህ የገራው ነው፤ ለእረፍት በመጣ ቁጥርም ከእናቱ ቀጥሎ ሰላም የሚለው እሱን ነበር። አሁን ቦራ ግቢ ውስጥ ታስሮ ሣር ይግጣል። አርባው ደርሷል። አንድም ፈረሰኛ ግን «መቼ እንጫን?» ብሎ የአስማረን ደጅ አልረገጠም።

ለምን እንደቀሩ ሁሉም ያውቃል። አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን ሽመክት ብቻ ነው።

ሽመክት የአካባቢው ፈረሰኞች አለቃ ነው፤ እሱ ካልጠራ ፈረስ ከበረት አይወጣም። ፍቅርአዲስ የምትባል ነርስ ልጅ ነበረችው። ጦርነቱ ሲበረታ የተመደበችባት ትንሽ ከተማ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። ሽመክት ልጁን ያወቃት በነጠላዋ ጥለት ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ አያይም፤ የያዘውን ሥራ ይዞ ዝም ይላል፤ ድምፁ እስኪጠፋ።

አስማረ ቦራን ውኃ ሊያጠጣ ወደ ወንዝ ሲወርድ ሽመክት ለከሰል ከሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ መሃል ወጣ። ከሰል ሲያከስል ነበር፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«እንዴት አደርክ፣ አያ አስማረ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«እኔማ እንደምታየኝ።» ሽመክት እጁን በሱሪው ጠረገና ከአማርኛው ወደ አገውኛ ዞረ። በዚያ አገር ቀልድና ንግድ በሁለቱም ይካሄዳል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ግን የሚወጣው በአገውኛ ነው። «የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ልጅህ ነው የጣለው?»

አስማረ የቦራን አንገት ዳበሰ። «አላውቅም።»

«ካልጣለ፣ ፈረሶቹን ሁሉ እኔው እጠራለሁ። የቦራንም ዛብ በእጄ ይዤ አዞረዋለሁ። ከጣለ ግን አትምጣብኝ። ልጄ መቃብር ላይ ቆሜ መጨፈር ነው የሚሆንብኝ።»

«ሽመክት፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ በምን አውቃለሁ?»

«አባቱ ነህ። እወቅ።»

አስማረ አልተቆጣም። እሱ በሽመክት ቦታ ቢሆን ከዚህ ቀድሞ በጠየቀ ነበር።

አስማረ ፈረስ ገሪ ነው። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለ ሰው ያልተገራ ወጣት ፈረስ ካለው ወደ እሱ ያመጣል፤ ፈረሱንም ገርቶ፣ ጋላቢውንም አስተምሮ ይመልሳል። ከአባቱ የወረሰው አንድ ሕግ አለው። ከእጁ የወጣ ፈረስ ሰው ከጎዳ፣ ማንም ሳይጠራው ሄዶ የተጎዳው ሰው ደጅ ይቆማል። «ፈረሱ የሚያውቀውን ያወቀው ከእኔ ነው» ይላል። ሌላ ገሪ እንዲህ አያደርግም። አንድ ጊዜ እሱ የገራው ፈረስ ዳንግላ ላይ መርዋን የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ረግጦ እግሩን ሰበረው። አስማረ፣ ያኔ አሥረኛ ክፍል የነበረውን ዓባይነህን አስከትሎ፣ የሱቁ በር ላይ ሄዶ ቆመ። ነጋዴው እግሩን በጀሶ አሳስሮ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሏል።

«ፈረሱ ያንተ ነው እንዴ?» አለው መርዋን።

«አይደለም።»

«ነጂው ዘመድህ ነው?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ አንተ ምን አገባህ፣ ወንድሜ?»

«እኔ ነኝ የገራሁት።»

መርዋን አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ ጎረቤቶቹን ተጣራ። «ኑ እስኪ ይህን ሰው እዩልኝ! ወላሂ ነገ ደግሞ ሣሩን ያበላው ሰው ይመጣል!» ሱቁ ሁሉ ሳቀ። አስማረ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመና ይቅርታውን ጠይቆ ወጣ። በመንገድ ላይ ዓባይነህ በኀፍረት ጆሮው ቀልቶ «አባዬ፣ ሳቁብህ እኮ» ቢለው፣ «ይሳቅ። የተሰበረው እግሩ ነው፤ አፉ መች ተሰበረ» አለው።

ዓባይነህ ሌላውን የአባቱን ትምህርት ሁሉ ይዞ ሄደ። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ በረራ ተማረ። ከእኩዮቹ ይበልጥ ስለበረረ ሳይሆን ይበልጥ ስለሚያስረዳ፣ ሌሎቹ ወደ ምድባቸው ሲሄዱ እሱን አስተማሪ አድርገው አስቀሩት። ሻምበል ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ዕለት አባቱን በርጩማ ላይ አስቀመጠና እሱ ሌላ በርጩማ ይዞ ከኋላው ተቀመጠ።

«ተማሪው እንዲህ ከፊት ነው፤ እኔ ከኋላ።»

«ከኋላ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?»

«አንተ የምትሠራውን ነዋ። አወራለሁ።»

«ዛቡስ?»

«የአውሮፕላን ዛብ ሁለት ነው፤ እሱም ጋ አለ፣ እኔም ጋ አለ። እኔ ግን ተማሪ ከያዘ አልቀማም።»

አስማረ በደስታ ጭኑን መታ። ሙያው ሁሉ ይኸው ነበር። ዛብ ከእጁ የተቀማ ተማሪ ፈረሱንም አስተማሪውንም እንደፈራ ይቀራል፤ ስለዚህ እጅህን ሰብስበህ በቃል ብቻ ታወጣዋለህ። ደጋግሞ ለልጁ የነገረው ይህንኑ ነው።

«ቢወድቅስ ታዲያ?» አለ አባት።

«ያው አብረን ነዋ የምንወድቀው።»

«በል አፍህን ያዝ!» አለች እናቱ ደጊቱ ከጓዳ። ሁለቱም በርጩማቸው ላይ እንዳሉ ሳቁ።

ጦርነቱ ሲመጣ ደጊቱ ጎረቤቱን ሁሉ ያጽናናችው በዚህ ነበር። «የኔ አስተማሪ ነው» ትላለች፤ «የሚያስተምር ሰው አይልኩም። እሱን ከላኩ ማን ያስተምርላቸዋል?» ልክ ነበረች፤ አልላኩትም። ሞት እዚያው ማስተማሪያው መጥቶ ወሰደው።

*

ከሽመክት ጋር በተነጋገሩ በሳምንቱ አስማረ ወደ እንጅባራ ወጣ። ደጊቱ ከልጇ ስልክ ውስጥ የአንድ ጓደኛውን ቁጥር አግኝታ ነበር። ፀጋው ይባላል፤ አብራሪ ነው፤ ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቹ ሲሄድ በእንጅባራ እንደሚያልፍ ነግሯታል። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ሻይ ቤት ተገናኙ። ጭጋጉ ከረፋዱም አልተነሣም፤ በሩ ላይ ባጃጆች መብራት አብርተው ይርመሰመሳሉ። ፀጋው የሲቪል ልብስ ለብሷል። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጧል። አስማረን ሲያይ ብድግ ብሎ ጉልበቱን ሊስም አጎነበሰ።

«እርስዎ የዓባይነህ አባት ነዎት። አረማመዳችሁ አንድ ነው።»

«ተቀመጥ ልጄ። እንዴት ሞተ?»

«ግዳጅ ላይ ሳለ…»

«ሳጥኑን ያመጡት የነገሩኝን አይደለም የጠየቅኩህ።»

ፀጋው ሻዩን አማሰለ። ቀስ እያለ ተናገረ። ከጦርነቱ በፊት አንድ ተማሪ ዓባይነህ እጅ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆይ ነበር፤ እሱ «በቃ» ሳይል አይወጣም። ጦርነቱ ሲመጣ ጊዜው አጠረ፤ ከዚያም ይበልጥ አጠረ። ዓባይነህ «እነዚህ ልጆች አልበሰሉም» ሲል፣ አለቆቹ «ጠላትም አልበሰለም» ብለው ሳቁበት። ያን ቀን ከአንድ አዲስ ተማሪ ጋር ተነሡ። ዝቅ ብለው ሲያዞሩ ልጁ ደነገጠ።

«ድምፃቸው ተቀድቷል፤ እኔም ሰምቼዋለሁ» አለ ፀጋው። «'ቀስ በል፤ ይዘኸዋል፤ ያንተ ነው፤ አይዞህ' ይለዋል። እስከ መጨረሻው ድረስ አልጮኸበትም።»

«ዛቡን ሊቀማው ይችል ነበር?»

«ይችል ነበር።»

«አልቀማውም?»

«ቀምቶታል፣ አባባ። ዘግይቶ ነው።»

አስማረ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን እጆቹን አንስቶ ጋቢው ውስጥ ከተታቸው። ደጅ አንዱ ረዳት «ዳንግላ! ዳንግላ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ሚኒባሱ ባዶ እንደነበር አስማረ ሲገባ አይቶታል።

«ሌላ ልጠይቅህ» አለ በመጨረሻ። «የጎረቤታችን ልጅ ገበያ መሃል ሞታለች። በአውሮፕላን።» የከተማይቱን ስም ነገረው። «እሱ ነበር?»

ፀጋው ቶሎ ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም። በእመቤቴ፣ አይደለም። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሰሌዳ ላይ ለልጆቹ ነፋስ ሲስል እኔው ራሴ አይቼዋለሁ። እሱ አንድም ቀን ቦምብ ይዞ አልበረረም።»

አስማረ ትከሻው ላይ የነበረ ነገር ወርዶ መሬት የረገጠ መሰለው። ወዲያው ግን ሳያስበው የልማዱን ጠየቀ፤ አንድ ፈረስ ሰው መጉዳቱን ሲሰማ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን።

«ከማን እጅ የወጣ ነው?»

ፀጋው የሻዩ ብርጭቆ ባዶ ሆኖም ማንኪያውን ያዞረዋል።

«አንተ ልጅ።»

«ከእሱ ነው» አለ ፀጋው። «በዚያ ሰሞን የወጣነው ሁላችንም ከእሱ እጅ ነን፣ አባባ። እኔም ብሆን። ገበያው ላይ የጣለውን ልጅ ስም አልነግርዎትም። በማግስቱ ዓባይነህ ጠርቶ 'እንዴት ነበር?' አለው። ልጁ ምን እንዳለው ያውቃሉ? ደስ ብሎት፣ እንደሚመሰገን ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ 'ልክ እንዳስተማሩኝ' አለው። ከዚያ ወዲህ ዓባይነህ ከእኛ ጋር ማዕድ አልቀረበም።»

*

ደጊቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ገና አጥሩን ሳያልፍ «እህ?» አለች።

«አልጣለም።»

መሬት ላይ ተቀመጠች። እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ረጅም ጊዜ አመሰገነች። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች። «ተነሥ፤ አሁኑኑ ሽመክት ጋ ሂድ።»

«ደጊቱ፣ የጣለውን ልጅ ግን…»

«ግን የሚባል ነገር አልሰማም!»

«ያስተማረው እሱ ነው።»

«አስተማሪ አይደለም እንዴ? ታዲያ ምን ያርግ፣ አላስተምርም ይበል? ሽመክት የጠየቀህ ጣለ ወይስ አልጣለም ነው። አልጣለም። የጠየቀህን መልስለት፤ ያልጠየቀህን ምን አስለፈለፈህ?» ድምፏ ተሰበረ። «ልጄ እኮ ነው። እንደ እንግዳ ሰው ዝም ተብሎ ተቀብሮ ይቅር? ያንን የዳንግላውን ቂልነትህን በልጄ ላይ እንዳታመጣው፣ አስማረ።»

አስማረ ሄደ። ሽመክት ከሰሉን በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላ አገኘው። «አልጣለም» አለው። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረም። ሽመክት ከረጢቱን ለቆ አቀፈው፤ የከሰሉ ጥላሸት የአስማረን ጋቢ አጠቆረው። «ጠረጠርኩት» አለ እያለቀሰ፤ «አብሮ ያደገ ልጅ፣ ፍቅርአዲስን ትምህርት ቤት እጇን ይዞ የሚያደርስ ልጅ፣ ጠረጠርኩት። ይቅር በለኝ፣ አያ አስማረ። ይቅር በለኝ።»

አስማረ «ይቅር» አለው። ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ያችን ቃል ከአፉ ሊተፋት ሞከረ።

*

የለቅሶው ዕለት ሜዳው ፈረስ ሆነ። ከዘንገና ዙሪያ፣ ከእንጅባራ፣ እስከ ዳንግላ ድረስ ያሉት መጡ፤ ጀርባቸው ላይ በሚጣለው ግላስ ያጌጡ፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል ያለባቸው፣ መሬቱን እየቆፈሩ የሚያናፉ። አስማረ ከእጁ የወጡትን አንድ በአንድ ለያቸው። የጦሩ ሰዎችም የዓባይነህን ፎቶ በትልቅ ሸራ አሳትመው መጥተዋል። ሸራው ላይ የሚስቀው ዓባይነህ ከኋላው የተዋጊ አውሮፕላን ሥዕል ተለጥፎበታል። እሱ ያን ዓይነት አውሮፕላን አብርሮ አያውቅም። ከሸራው ሥር አንድ ሻለቃ ቆሟል፤ የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ቅዝቃዜው ከንፈሩን አድርቆበታል። ጎኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባንዲራ ይዘው ተሰልፈዋል።

ሽመክት ቃሉን ጠበቀ። የቦራን ዛብ በራሱ እጅ ይዞ ከፈረሶቹ ፊት ወጣ። ባዶው ኮርቻ ላይ የዓባይነህ የመለዮ ቆብ ታስሯል። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ሽመክት በአገውኛ ድምፁን አነሣ፤ ጥሩ ድምፅ ነበረው፤ ልጁ ከሞተች ወዲህ ያ ድምፅ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

«የዓባይነህ ፈረስ ነው! እጁ የነጻው! የሰው እናት ያላስለቀሰው! ሰማይ ወጥቶ መሬት ያልነካው!»

ፈረሰኞቹ ተቀበሉት። ሜዳው በኮቴ ተናጠ። ደጊቱ በሁለት ሴቶች ተደግፋ፣ እያለቀሰች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇ መሞቱን ያወቀች መሰለች። አንድ ዙር አለቀ። ሽመክት ሁለተኛውን ጀምሮ «እጁ የነጻው!» ብሎ በድጋሚ ሲያነሣ፣ አስማረ ሳያስበው ሜዳው መሃል ገብቶ የቦራ ፊት ቆመ።

ቦራ አውቆት ቆመ። ከኋላ የመጡት ፈረሶች ተጋፍተው ቆሙ።

«ስሙኝ» አለ አስማረ በአገውኛ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። «ልጄ አልጣለም። ያልኩት እውነት ነው። የጣለውን ልጅ ያስተማረው ግን ልጄ ነው። ልጄን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሽመክት፣ ይህን ስለደበቅኩህ ነው ዛቡን የያዝክልኝ። እጁ የነጻ አትበል።»

 ደጊቱ ለቅሶዋን አቆመች፤ አፏ ክፍት እንደሆነ ቀረ።

ከዚያ ጭብጨባ መጣ። አገውኛ የማይሰማው ሻለቃ፣ አባትየው ስለ ልጁ ጀግንነት የተናገረ መስሎት፣ በጓንት እጁ ያጨበጭባል። ከሩቅ ከተማ የመጡት ተማሪዎችም ተከተሉት፤ ከአካባቢው የሆኑት ግን እጃቸው አልተነሣም። «ጀግና አባት!» አለ ሻለቃው በአማርኛ፣ እንባ አቅርሮ። «እንዲህ ያለ አባት ያላት አገር አትሸነፍም!»

ሽመክት ወደ ሻለቃው አልዞረም። ዛቡን አልወረወረም፤ ሰብስቦ ኮርቻው ላይ፣ ቆቡ አጠገብ፣ በቀስታ አኖረው። ወደ አስማረ ቀርቦ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብሎ ተናገረ።

«ለምን ነገርከኝ?»

«መንገር ስለነበረብኝ…»

«ለማን ብለህ? ለእኔ? እኔ እኮ አልቅሼ ነበር። ዛሬ ገና ድምፄ ወጥቶልኝ ነበር። ዋሽተህ ብትተወኝ ምን ነበረበት?»

የራሱ ፈረስ ላይ ወጣና ሄደ። ፈረሰኞቹ አንዱ የሌላውን ፊት እያየ ተከተሉት። አንዳንዱ አስማረ አጠገብ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አንዳንዱ ምራቁን ዋጠ፤ የቆመ ግን የለም። ቦራ ፈረሶቹን ተከትሎ ሊሄድ ተነሣ። አስማረ ዛቡን ያዘና የቀረውን ዙር ብቻውን አዞረው። ሻለቃው እስኪያልቅ ድረስ በሰላምታ ቆሞ ጠበቀ።

*

ሕጉ ግን ገና አላለቀም። አስማረ በማግስቱ ቦራን ከነሙሉ ዕቃው ጭኖ የሽመክት ደጅ ሄዶ ቆመ። ደጊቱ አልከለከለችውም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከግድ በቀር አታናግረውም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ቆመ። በመጨረሻ ሽመክት ወጣ።

«ምን ልትል መጣህ?»

«የምለው የለኝም። ልቆም ነው የመጣሁት።»

«ቆመሃል። አበቃ?»

አስማረ የቦራን ዛብ ዘረጋለት። «የዓባይነህ ነው። ካንተ ዘንድ ይሁን።»

ሽመክት ዛቡንም ፈረሱንም አስማረንም በየተራ አየ። «ፈረስ» አለ። «ልጄን በፈረስ ልትለውጠኝ ነው?»

አስማረ እንዲህ ሆኖ እንደሚታይ ጭራሽ አላሰበም ነበር። ከአባቱ የተማረው መሄድና መቆም ነው፤ ሌላው ሰው ከወዲያ ምን እንደሚያይ አባቱ አላስተማረውም።  ዛቡን አጥሩ ላይ አስሮ፣ እንደ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ወረደ። ሽመክት ቦራን አልመለሰውም፤ አልጋለበውምም። በገበያው ቀን ዳንግላ አውርዶ ላገኘው ሰው ሸጠው።

አስማረ ከዚያ ወዲህ ፈረስ አልገራም። ሰዎች ወጣት ፈረስ ይዘው ሲመጡ «እጄን ያመኛል» ይላቸዋል። ድንች ይተክላል፣ ዲከረንስ ይተክላል።

ክረምቱ ሲወጣ የደጊቱ ዓይን ታመመና መድኃኒቱ ዳንግላ እንጂ እንጅባራ የለም ተባለ። አስማረ ከሚኒባስ ወርዶ ወደ ገበያው ሊሻገር ሲል ጋሪዎቹ ከተሰለፉበት በኩል ነጭ ግንባር አየ። ቆዳው የጎድን አጥንቱ ላይ ተጣብቋል፤ ማሰሪያው ትከሻውን ልጦታል፤ አፉ አረፋ ደፍቋል። ጋሪው ላይ ሲሚንቶ ተጭኗል። ጋሪ ነጂው ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት ነው።

«አባባ! ወዴት ነው? ይውጡ እንጂ፣ ከሲሚንቶው ኋላ ቦታ አለ።»

አስማረ ወደ ሌላ ጋሪ ሊሄድ ነበር። እግሩ ግን ወጣ። ከነጂው ኋላ፣ ከረጢቱ ላይ ተቀመጠ።

አስፋልቱ ላይ እንደወጡ አንድ የጭነት መኪና ጎናቸው ላይ ጥሩንባ ነፋ። ቦራ ደንግጦ ወደ ጎን ዘለለ፤ ጋሪው ተንገዳገደ። ልጁ ዛቡን በሁለት እጁ ጠምዝዞ ሳበው። ልጓሙ የቦራን አፍ ወደ ኋላ ቀደደው፤ ቦራም ይበልጥ ደነበረ። ጋሪው ወደ ቦዩ አዘነበለ። አስማረ የገዛ እጁ ወደ ዛቡ ሲሄድ አየ። መልሶ ሰበሰበው።

«ልቀቅለት» አለ። «ቀስ። ልቀቅለት። አይዞህ።»

ልጁ ከድንጋጤው ብዛት ዛቡን ለቀቀ። ቦራ ድምፁን ሰማ። ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ዞሩ፤ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ ቆዳው እየተርገበገበ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። መኪናው አለፈ። መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ትንፋሹን መለሰ።

«አባባ!» ልጁ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ዞረ። ፊቱ ላይ ፍርሃትም ሳቅም አለ። «ፈረስ ያውቃሉ እንዴ? ይህን ሰይጣን ማንም አስቁሞት አያውቅም! በእግዚአብሔር፣ እኔንም ያስተምሩኝ!»

አስማረ የቦራን ጆሮዎች አየ። አሁንም ወደ ኋላ እንደዞሩ ናቸው፤ ሌላ ቃል ይጠብቃሉ።

«አላውቅም» አለ። «ዝም ብለህ ንዳ።»

ልጁ ትከሻውን ሰበቀና ዛቡን በሁለት እጁ ጠምዝዞ ሳበው።